እንትን የተባለችው ዛፍ

የማንጋት ችግር የጀመረው አማቱ የተወለደች ቀን ነው። እሱ ያኔ የለም፤ አባቱ ራሱ ንፍጡን በክንዱ የሚጠርግ ልጅ ነበር። ችግሩ ግን ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

የዛን ዓመት ጫካው አብዶ ነበር አሉ። የባሌህ ወንዝ ጫካ እኮ በየዓመቱ አያብብም። ሲያሻው ሦስት ዓመት፣ ሲያኮርፍ ሰባት ዓመት አፉን ዘግቶ ይቀመጥና አንድ ቀን የተጠራራ ይመስል ግጥም ብሎ ያብባል። ከዛ ፍሬው ይወርዳል፣ ባለ ክንፉ ሁሉ በአየር ላይ እየተሽከረከረ። የዛን ሰሞን ቤት የሚቀር ሰው የለም፤ አልጋ የያዘው እንኳ ተነስቶ ይለቅማል። የሚለቀመው የእንካባንግ ፍሬ ነው። ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተጨምቆ፣ ቅባቱ ቀርከሃ ውስጥ ይረጋል። ትኩስ ሩዝ ላይ ፋቅ ፋቅ አርገው ጨው ጣል ሲያረጉበት በቃኝ ያለ ሰው እስካሁን አልታየም።

ታዲያ አንዲት ሆዷ እዚህ የደረሰ ሴትዮ "እቤት ቁጭ ብዬ ለኔ ማን ሊለቅምልኝ ነው?" ብላ ቅርጫቷን አዝላ ወጣች። ቅርጫቱ ሳይሞላ ምጡ መጣ። ልጅቷን ቅጠል ላይ ወልዳ፣ እትብቷን አስቆርጣ፣ የቀረውን ለቅማ ገባች ይላሉ። የመጨረሻዋን እንኳን ጨምረውባት ነው። ብቻ ልጅቷን ማን ብለው ጠሯት? እንካባንግ።

እንካባንግ አደገች፣ አገባች፣ ቸንዳይን ወለደች። ከዛ በኋላ እንደ ሁላችንም የገዛ ስሟ ተከድኖ ተቀመጠ፤ አገሩ ሁሉ የቸንዳይ እናት ይላት ጀመር። ባሏ ሲሞት ክፍሏን ቀጥ አርጋ ያዘች። የላንሳም ቤት ውስጥ ነው ክፍሏ። ላንሳም ሹማችን ነው፣ ረጅሙ ቤታችንም በሱ ስም ይጠራል። ጣሪያው አንድ፣ በረንዳው አንድ፣ ከበረንዳው ኋላ የየቤተሰቡ ክፍል በር ለበር ተደርድሯል። በዚህኛው ጫፍ ያስነጠሰውን በዛኛው ጫፍ "ይማርህ" ይሉታል።

ማንጋት የመጣው ከሌላ ወንዝ፣ ከካቲባስ ነው። አጠር ያለ፣ ጆሮው ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። አባቱ ሙጫ ለቃሚ ስለነበር ልጁን ከጫካ ጫካ እያዞረ ነው ያሳደገው። ስለዚህ ማንጋት ዛፍ ስር ሲቆም ወደ ላይ አያይም፤ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። "ላይ ላዩንማ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ የጣለችውን እይ" ይላል።

ለመከር በዓል ጎብኚ ሆኖ መጣ። ቸንዳይን አየ። ቸንዳይም አየችው፣ ግን ያላየች መሰለች። ሽማግሌዎቹ በረንዳ ላይ አስቀምጠው የሩዝ ጠላ ቀዱለት። የቸንዳይ እናት ነገሩ ገብቷት ኖሮ ልታየው ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

"ምን ትወዳለህ፣ ልጄ? እንዳትራብብን" አለችው።

ማን ይንገረው! "እኔማ እናቴ፣ እንካባንግ ካገኘሁ ሌላ አልፈልግም" አለ።

በረንዳው ጸጥ አለ። እሱ አክብረው ያዳመጡት መስሎት ቀጠለ።

"እናንተ አገር እንዴት እንደምታረጉ እንጃ እንጂ፣ ሰው አያያዟን አያውቅበትም። እንካባንግ ደህና የምትሆነው ዱላው ሲበዛባት ነው። በደንብ ወቅጦ፣ ጠቅልሎ፣ መጭመቂያው ውስጥ ከቶ፣ ከላይዋ ቁጭ ማለት ነው! ሁለት ወፍራም ሰው ቢቀመጥባት ደግሞ ይበልጥ ይወጣታል።"

ሳቁ ሲፈነዳ ዶሮዎቹ ከወለሉ ስር ተንጫጩ። ቸንዳይ ሳቋን ልትደብቅ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፣ በሩ ግን ሳቋን አልዘጋውም፤ እሱን ለማግባት የወሰነችውም የዛን ጊዜ ነው፣ ራሷ ናት የምትናገረው። እናቷ ግን አልሳቀችም። ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ያችን "ልጄ" ያለቻትን ቃል መልሳ አንስታ ገባች። ከዛን ቀን ጀምሮ ማንጋትን "ጨማቂው" እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም።

ተጋቡ። እሱም ምንጣፉን ጠቅልሎ አማቱ ክፍል ገባ። የኛን ደንብ ታውቁታላችሁ፣ አማች የሚስቱን እናት ስም በአፉ አያነሳም። ካነሳ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ የዘራው ሩዝ ገለባ ይሆናል። ሌላው አማች ምን ቸገረው? የአንዱ አማት ሰንዲ ነች፣ የሌላው ለሞክ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰንዲ የሚል ቃል ሳያስፈልገው ይሞታል። የማንጋት ግን ሩዙ ላይ አለች፣ ወንዙ ላይ አለች። ዓሣው የሚጣፍጠው የሷን ፍሬ የበላ ሰሞን ነው፣ ጀልባ የሚታሰረው የሷ ዛፍ ጥላ ስር ነው። የትም ዞር ቢል አማቱ ቆማ ታየዋለች።

ጃራው የሚባል ጎረምሳ፣ የጀልባ ሠሪው ልጅ፣ ሥራው ማንጋትን ማጥመድ ሆነ።

"ማንጋት፣ ሩዝህ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"እንፋሎት።"

"ከእንፋሎቱ ስር?"

"ሩዝ።"

"በመሀላቸው የሚያብረቀርቀውስ?"

"ያንተ ምቀኝነት ነው" ይልና አፉን ይሞላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ኖረ። አማቱም ደረቷ ላይ እጇን አጣምራ "ዛሬስ ያመልጠዋል" እያለች ስትጠብቅ ኖረች።

ከዛ የጀልባ ነገር መጣ። ከታች ወንዝ ካሉት ከኡንጋንግ ቤት ሰዎች ጋር በየዓመቱ እንሽቀዳደማለን። ባለፈው ጊዜ ጀልባችን መሀል ወንዝ ላይ ውሃ ገባባት። ቀዛፊዎቹ በመቅዘፊያ ፈንታ በባርኔጣ ውሃ ሲጨልፉ አገር ሁሉ አያቸው። የኡንጋንግ ቤት ሰዎች ማሸነፋቸው አልበቃ ብሏቸው፣ በማግስቱ የውሃ መጨለፊያ ቅል በሪባን አስረው ስጦታ ላኩልን። ቅሏ በረንዳው ላይ ተሰቀለች። ሲያልፍ ያላያት የለም፣ አይቶም ያልተንገበገበ የለም። ከፊት ተቀምጦ የሚቀዝፈውን ማንጋትን ደግሞ ከሁሉ በላይ አንገበገበችው፤ ባርኔጣው የሱ ነበራ።

የጃራው አባት፣ ጀልባ ሠሪው፣ አዲስ ጀልባ የሚወጣው ግንድ ፍለጋ ሲዞር ከረመና ወንዙ ጥምዝ የሚልበት ጋ አንዲት ዛፍ ላይ ዓይኑ አረፈ። ቀጥ ያለች፣ እንከን የሌላት። በገጀራው ምልክት ጫር አደረገባትና መጥቶ አወጀ፦ "ሜራንቲ አገኘሁ! ለጀልባ የተፈጠረች!"

የቸንዳይ እናት የምታጥበውን ልብስ ጥላ ተነሳች። "የቷን ነው? መጠምዘዣው ላይ ያለችውን? አያቴ የተከለቻትን እንካባንግ?"

"አያትሽ ስትተክል ማን አየ?"

"ያዩትማ ሞተዋል!"

"እንግዲያው እነሱ ይምጡና ይመስክሩ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው የተከላት የፍሬ ዛፍ የተካዩ ዘር ንብረት ናት፣ መጥረቢያ አይነካትም። ወንዝ ዳር ያለች እንካባንግም ሁሌ እንደተተከለች ትቆጠራለች። ጫካ ያበቀላት ሜራንቲ ግን ቀድሞ ምልክት ላደረገባት ናት። ይቺ ዛፍ ደግሞ አላገጠችባቸው! ያለፈው የፍሬ ዘመን ጎረቤቶቿ ሁሉ ሲያወርዱ እሷ እጇን አጣጥፋ ነው የቆመችው። አንድም ፍሬ የለቀመባት ሰው የለም። የቸንዳይ እናት "አበባዋን ማዕበል አረገፈባት እኮ!" ብትል ማን ይስማት? "ቅጠሏን እዩት፣ የእንካባንግ ነው፣ ሰፊ ነው" ስትል የጃራው አባት "ወንዝ ዳር ቆሞ የማይሰፋ አለ? አንቺስ?" ይላታል። ቤቱ ሁሉ ጀልባዋን ስለፈለገ ሳቀለት።

ሹሙ አኪ ላንሳም፣ አኪ ያው አያት ማለት ነው፣ "ሸንጎ ይቀመጥና ዛፍ የሚያውቅ ሰው ይመስክር" አለ።

የጃራው አባት ምን አለ መሰላችሁ? "ማንጋት ይመስክር" አለ። "የገዛ አማቿ ነው፣ አዳላብኝ አልልም።"

ሰው "አቤት ቅንነት!" አለ። ቅንነት! በደንባችን ዛፍ ላይ የሚመሰክር ሰው የዛፏን ስም ሙታንም እሷም እንዲሰሙ ጮክ ብሎ መጥራት አለበት። ስሟ ካልተጠራ ፍርድ የለም። ማንጋት ደግሞ "ሜራንቲ" ማለት ይችላል። ሌላኛውን ስም ግን አፉ ሊያወጣው አይችልም። የጃራው አባት በጀልባ ሥራው ባይሆንም በተንኮሉ ውሃ አያስገባም።

የቸንዳይ እናት ያንን ስትሰማ ምድጃው ጋ ተቀመጠች። ማንጋት አጠገቧ፣ ክንዷ ሊነካው እስኪደርስ ቅርብ ነው ያለው።

"ቸንዳይ፣ ለባልሽ ንገሪው" አለች። "የአያቴ ዛፍ ከወደቀች ምንጣፉን ጠቅልሎ ይውረድ።"

"ሰምቷል እኮ እማ፣ ጆሮውን አታዪውም?"

"ስሜን ከጠራም ምንጣፉን ጠቅልሎ ይውረድ በይው።"

ማንጋት ቀስ ብሎ "ቸንዳይ፣ እናትሽን ጠይቂያት እስቲ፣ ምንጣፌን ሳልጠቀልል የማድርበት መንገድ ካለ" አለ።

"የለም በይው።"

ሸንጎው የተቀመጠው ዶፍ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ከእርሻ ቀርቶ በረንዳውን በሞላበት ከሰዓት ነው። ማንጋት አንዲት አሮጌ ቅርጫት ይዞ መጣ። ካለፈው የፍሬ ዘመን ጀምሮ ለቅሞ ያጠራቀማቸው የደረቁ ባለ ክንፍ ፍሬዎች ናቸው። ቸንዳይ ስንት ጊዜ እሳት ልትለኩስባቸው ነበር።

ከመሀላቸው አንዱን መዘዘና ወደ ጣሪያው ወረወረው። እየተሽከረከረ መጥቶ አኪ ላንሳም ጭን ላይ ተቀመጠ።

"ይሄ ሁለት ክንፍ ነው ያለው። ከሩይንግ ነው። ዘይቱን ታውቁታላችሁ፣ የጀልባ ስንጥቅ የምትደፍኑበት ነው።"

"የጃራው አባት ግን የሚያውቀው አይመስለኝም!" አለች አንዲት ሴትዮ ከጥግ። ሳቅ ሆነ። ቅሏም ግድግዳው ላይ የሳቀች መሰለች።

"ይሄ ባለ አምስት ነው፣ አምስቱም እኩል። ካፑር። እንጨቱን ስትፈልጡት ካፉር ካፉር ይሸታል። ይሄኛው ደግሞ ክንፍም የለው፤ ረሳክ የሚባለው ወገን ነው። እናቱ እግር ስር ወድቆ እዛው ይቀራል።"

"ጃራው፣ ዘመድህ ተጠራ!" አሉት። ጃራው እስካሁን አላገባማ፣ ሩዙን እናቱ ናት የምታቀርብለት።

"እንዲህ ስታዩዋቸው አይመሳሰሉም" አለ ማንጋት፣ አሁን አፉ ተፈታለት። "ግን ዘራቸው አንድ ነው። እንደኛ ረጅም ቤት በሉት። ጣሪያው አንድ ነው፣ ክፍሉ ብዙ። ከሁሉም ትልቁ ቤተሰብ እነዚህ ናቸው፣ ባለ ሦስቶቹ። ሦስት ረጅም ክንፍ፣ ሁለት አጭር። ቀይ ሜራንቲ አለ፣ ነጭ አለ፣ ቢጫ አለ። እንጨቱ እንደ ላባ የቀለለ አለ፣ መጥረቢያ የሚሰብርም አለ።"

"ስንት ዓይነት ናቸው በጠቅላላው?" አለ አኪ ላንሳም፣ ፍሬውን እያገላበጠ።

"እኔ እንጃ አኪ። አባቴም ሳይጨርሳቸው ነው የሞተው።"

የጃራው አባት ታገሰ፣ ታገሰና "እሺ፣ የኛዋስ?" አለ። "መጠምዘዣው ላይ ያለችው? ስንት ክንፍ ናት?"

"ሦስት።"

"ባለ ሦስት ክንፎቹ እነማን ናቸው አልክ?"

"ሜራንቲ።"

"ስለዚህ ሜራንቲ ናት!"

"አዎ፣ ሜራንቲ ናት" አለ ማንጋት።

በረንዳው ተናወጠ። የጃራው አባት ተነስቶ ጭኑን መታ። የቸንዳይ እናትም ተነሳች። "ቸንዳይ! የባልሽን ምንጣፍ አምጪው!"

"ቆዩ! ቆዩ እንጂ!" ማንጋት ሁለት እጁን ዘረጋ። "የላንሳም ቤት ሰው ናት ብትሉኝ እኮ የማንኛዋ ክፍል እንደሆነች አልነገራችሁኝም! ሜራንቲ ናት ማለት ገና በረንዳ ላይ ነን ማለት ነው። ክፍሏን ልንገራችሁ ነው የመጣሁት።"

"ንገረና" አለ የጃራው አባት፣ ተመልሶ በቀስታ እየተቀመጠ። "ስሟን ጥራ። ማን ከለከለህ?"

ማንጋት ላቡን ጠረገ። ስሟን መጥራት ካልተቻለ መልኳን መናገር ይቻላል አይደል? እሱ እንዲህ ነው ያሰበው፣ የዋህ።

"ይቺኛዋ..." አለ። "ይቺኛዋ ከወንዝ ዳር አትርቅም። ቀኑን ሙሉ ውሃው ላይ አንገቷን አስግጋ የሚያልፈውን ጀልባ ስታይ ነው የምትውለው።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንዝ መውረጃው ላይ ተቀምጣ ያለፈ ያገደመውን የምትቆጥር ማን እንደሆነች የማያውቅ የለማ።

"ታች ወፍራም ናት። ቆዳዋ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ግን ከላይ ላዩን ነው። ኩርፊያ ትወዳለች፤ ዓመታት ፊቷን ታዞርባችኋለች፣ ምን እንዳስቀየማት አታውቁም። ገጀራ ቢነካት ሳምንት ሙሉ ታለቅሳለች፣ ሙጫ በሙጫ ነው የምትሆነው።"

አንዱ ባርኔጣውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። ቸንዳይ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ማንጋት አላየም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ዛፏን ነው የሚያያት።

"መቀመጫዋ ግን! አቤት መቀመጫዋ! ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አይዞራትም!"

ከዛ በኋላ የሆነውን ለመናገር አቅምም የለ። አኪ ላንሳም ራሱ፣ ጥርስ የሌለው ሰውዬ፣ ምሰሶ ይዞ ሳቀ። የቸንዳይ እናት እሳት ሆነች።

"ይሰድበኛል! ይሄ ጨማቂ አገር ሰብስቦ ይሰድበኛል!"

ማንጋት ዓይኑን ገለጠ። ያኔ ገባው። "ኧረ እማ! በሙታኑ! ስለ ዛፏ ነው እኮ!"

"ስለ የቷ ዛፍ?" አለ የጃራው አባት ፈጠን ብሎ። ይሄን ጊዜ ነበር የሚጠብቀው።

"ስለ እን..."

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ሳቁ ተቆረጠ። ውሻው እንኳ ማከኩን ተወ። ቸንዳይ ግማሽ ተነሳች። ማንጋት ሆዱ ከአሁኑ የተነፋ መሰለው፣ ምላሱ ጥርሱ ላይ ተለጥፋ ቀረች፣ እና...

"...ትን!" አለ። "ስለ እንትን! ስለ እንትን ነው የምለው!"

"ስለ ምን?"

"ስለ እንትን ነዋ!"

የጃራው አባት እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። "አኪ፣ እንትን የሚባል ዛፍ አለ?"

አኪ ላንሳም እንባውን ጠረገ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልሰማሁም" አለ። "ማንጋት፣ ይሄ ስም ነው ብዬ ልቀበልህ አልችልም። ያልከው ግን ተሰምቷል።"

"እንግዲያው አኪ" አለ ማንጋት፣ "ትንሽ ቀን ስጡኝ። ዘንድሮ አብባለች። ስትጥል ሁላችንም ከስሯ እንቁም። የሜራንቲዎቹ ሁሉ ፍሬያቸው የጣት ጥፍር ነው። የጣት ጥፍር ከጣለች መጀመሪያ መጥረቢያ የማነሳው እኔ ነኝ። የእንትኗ ግን የዶሮ እንቁላል ያህላል። ጀልባዋን ከኔ በላይ የሚፈልግ የለም፤ ባርኔጣው የኔ ነበር።"

እውነቱን ነው። ሰውም ይሄን አመነለት። አኪ ላንሳም "እንጠብቅ" አለ።

ያ የመጠበቅ ጊዜ ማንጋትን አከሳው። አማቱ "ጨማቂው" ማለቷንም ተወች፤ ጭራሽ ምንም አትለው። ወንዝ ስትወርድ ግን ሴቶቹ ጠጋ ብለው "የቸንዳይ እናት፣ ቦታ ይበቃሻል ወይስ ሦስታችን እንነሳልሽ?" ሲሏት ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ሽው እንደሚል ያየ አይቷል። ባሏ ከሞተ ወዲህ መልኳን እንዲህ አርጎ የተናገረላት ሰው የት አለ? መቀመጫ ቢሆንስ?

በነፋሱ ወራት አንድ ጠዋት ጃራው እየሮጠ መጣ። "መጣል ጀመረች!"

ቤቱ ተነቅሎ ወረደ። ሕፃኑ ታዝሎ፣ ሽማግሌው ተደግፎ፣ አኪ ላንሳም በጀልባ። ዛፏ ስር ቆምን። የጃራው አባት ከሁሉም ቀድሞ ግንዷ ጋ ቆሟል፣ መጥረቢያውን ተደግፎ፣ ባርኔጣውን በአክብሮት አውልቆ። ነፋስ መጣ። ከላይ፣ ከሰማዩ ስር፣ ቡናማ ነገሮች ተነሱ፤ ሦስት ረጅም ክንፍ፣ ሁለት አጭር፣ እየተሽከረከሩ፣ እየተሽከረከሩ። ከሩቅ ሁሉም ትንሽ ነው የሚመስለው። ማንጋት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ አየ።

"የጣት ጥፍር ነው!" አለ የጃራው አባት። "እዩት፣ የጣት ጥ..."

ጧ! አናቱ ላይ።

ባርኔጣ ማውለቅ እንዲህ ያስከፍላል። ዞረበትና ቁጭ አለ። ፍሬዋ ከእግሩ አጠገብ ክንፏን ዘርግታ ተጋደመች፤ የዶሮ እንቁላል፣ ያውም የደህና ዶሮ። ቀጥሎ ሌላ ወረደ፣ ከዛ ሌላ፣ ወንዙ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ትልልቆቹ ዓሦች ከስር ፈነዱ። ሴቶቹ እልል ብለው ቅርጫታቸውን ወረወሩ።

የጃራው አባት ግን አናቱን እያሸ "ስሟ አልተጠራም" አለ። ግትር ነው፣ እጅ ሰጥቶ አያውቅም። "ደንብ ደንብ ነው። ምስክሩ ስሟን ይጥራ።"

አኪ ላንሳም ጢሙን አሸ። "እውነቱን ነው። ማንጋት፣ ስሟ ካልተጠራ ልፈርድ አልችልም።"

ማንጋት አማቱን አየ። ዛፏን አየ። ምንጣፉንም በዓይነ ሕሊናው ተጠቅልሎ ሳያየው አልቀረም።

የቸንዳይ እናት ሰዉን እየገፋች መጣች። ግንዷ ጋ ደርሳ በመዳፏ ጧ አደረገቻት።

"ስሟ እንካባንግ ነው! የኔም ስም ነው! ስሜን ሳልሰማው ስንት ዓመቴ! እንካባንግ ነኝ፣ እሷም እንካባንግ ናት፣ አያቴ ናት የተከለቻት!"

"አንቺ ከሳሽ ነሽ" አለ የጃራው አባት። "ምስክሩ ነው የሚጠራው።"

"ይጠራታል!" ዞረች። ማንጋትን ቀጥ ብላ አየችው፣ ቸንዳይን በመሀል ሳታስገባ። "ስም አወጣህላት አይደል? አገር ፊት ምን ብለህ ጠራሃት?"

ማንጋት ቀስ ብሎ መለሰ፦ "እን...ትን።"

"አያት ናት ለልጅ ልጅ ስም የምታወጣው። እኔ የአያቴ ዛፍ ላይ ስም ማውጣት አያቅተኝም። ከዛሬ ጀምሮ የቤቷ ስም ሜራንቲ ነው፣ የክፍሏ ስም የኔ ስም ነው፣ የራሷ ስም ደግሞ እንትን ነው። በል ጥራት፣ ልጄ!"

ልጄ! ቸንዳይ ሰማች፣ ሁላችንም ሰማን። ማንጋት ራሱ ጆሮውን ነካ አደረገ፣ ያ ሰፊ ጆሮ የማይሰማው ነገር ያለ ይመስል። ከዛ አንገቱን ወደ ላይ አርጎ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ፦

"እንትን! እንትን! እን-ት-ን!"

ወንዙ ማዶ ገደሉ መለሰለት። አኪ ላንሳም "ሙታኑ ካልሰሙ ደንቁረዋል" አለና ፈረደ።

እስከዛሬ ያ ቦታ የእንትን መጠምዘዣ ነው የሚባለው። የማያውቅ እንግዳ ጀልባ ነጂ "የምን መጠምዘዣ?" ሲል "የእንትን" ይሉታል፤ "የምን እንትን?" ይላል፤ እንዲህ እያሉ ሰውን ሲያደክሙት ነው የሚውሉት።

ጀልባውስ አትሉም? ማንጋት የጃራውን አባት ወስዶ ከኮረብታው ላይ አንዲት ቀይ ሜራንቲ አሳየው፣ ማንም ያልተከላት፣ ፍሬዋ የጣት ጥፍር፣ አናት የማትፈነክት። ጀልባዋንም በከሩይንግ ዘይት ራሱ አብሮት ደፈናት። ያን ዓመትም በእሽቅድምድሙ ተሸነፍን፣ ግን በአንድ ክንድ ብቻ፣ ባርኔጣውም ደረቅ ሆኖ ነው የተመለሰው። ቅሏን አወረድናት፤ አሁን የቸንዳይ እናት ቅባት ትቀዳባታለች።

ፍሬው የተጨመቀ ቀን መጭመቂያው ላይ ከባድ ሰው ተፈለገ። የቸንዳይ እናት ከተቀመጠችበት ተነሳች። "ለዚህ ሥራ የተመሰከረለት መቀመጫ አለኝ" ብላ የመጭመቂያው ግንድ ላይ ወጥታ ተደላደለች። ቅባቱ ጠብ ጠብ፣ ከዛ ሽርር አለ።

ማታ ትኩስ ሩዝ ቀረበ። እሷ ራሷ ፋቅ ፋቅ አርጋ፣ ጨው ነስንሳ፣ ሳህኑን በእጇ ለማንጋት ሰጠችው። ጃራው ከበሩ ላይ አንገቱን አስገባ።

"ማንጋት፣ ሩዝህ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

ማንጋት አማቱን ቀና ብሎ አየ። እሷም ቅንድቧን አነሳችለት።

"እንትን ነው" አለ፣ አፉን እየሞላ። "ሂድና ለእናትህ 'እንትን አድርጊልኝ' በላት።"